የግብፅ የወንዶች እጅ ኳስ ቡድን፦ ወድቆ እንዴት ተነሣ? እኛስ ከየት እንጀምር?

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ወገኖች። እዚህ ሰሜን ሸዋ ስፖርት ሲባል ሩጫና እግር ኳስ ነው። የጌጤ ዋሚ አገር ስለሆነ ሩጫው አይገርምም። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ልቤ ያለው ግን እጅ ኳስ ላይ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ግብፅ የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ግብፅ? እጅ ኳስ የአውሮፓ ጨዋታ ነው። ሜዳሊያውን ዴንማርክ፣ ፈረንሳይ፣ ስዊድን፣ ስፔንና ጀርመን ይቀባበሉታል። ከእነሱ ጋር እኩል የሚተናነቅ የአፍሪካ ቡድን ዛሬ ግብፅ ነው። በጥር 2025 ዛግሬብ ላይ ክሮኤሺያን በገዛ ሜዳዋ፣ በገዛ ደጋፊዋ ፊት 28 ለ 24 አሸነፉ። ያቺው ክሮኤሺያ ኋላ ላይ ለፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ በሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይ ገጠመቻቸው። 33 ለ 33 ሆኖ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሉካ ካራባቲች ወረወረና አገባ። 34 ለ 33። ግብፅ 5ኛ ሆና ጨረሰች።

ብዙ ሰው «ጥሩ ትውልድ ገጥሟቸው ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ አልስማማም። ታሪካቸውን ወደ ኋላ ብታዩት ሌላ ነገር ነው የሚናገረው።

በዓለም ሻምፒዮና መጀመሪያ የተጫወቱት በ1964 ነው። ከዚያ ጠፉ። የተመለሱት በ1993 ነው። በዚያው ዓመት ከ21 ዓመት በታች ቡድናቸው በአገሩ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ያዙልኝ። ዋናው ቡድን ከዚያ በ1995 እና በ1997 6ኛ፣ በ1999 በራሱ አዘጋጅነት 7ኛ፣ በ2001 ፈረንሳይ ላይ 4ኛ ወጣ። ከአውሮፓ ውጭ ሆኖ ለዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ቡድን ነው። በአትላንታ ኦሊምፒክ 6ኛ፣ በሲድኒ 7ኛ ነበሩ።

ከዚያ ቁልቁል። ከ2003 እስከ 2017 ድረስ በዓለም ሻምፒዮና ከ13ኛ የተሻለ ደረጃ አንዴም አላገኙም። በ2007 17ኛ ሆኑ። ለለንደን ኦሊምፒክ ጭራሽ አላለፉም።

የተነሡትም በለመዱት መንገድ ነው፤ ከታች። በ2019 ከ19 ዓመት በታች ልጆቻቸው ሰሜን መቄዶንያ ላይ ጀርመንን በፍጻሜ ረትተው የዓለም ዋንጫ ወሰዱ። በዚያው ክረምት ከ21 ዓመት በታቾቹ ስፔን ላይ ነሐስ አገኙ። ዋናው ቡድን በ2019 8ኛ፣ በ2021 7ኛ፣ በ2023 7ኛ፣ በ2025 5ኛ። በመሀል ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ 4ኛ።

ሁለቱም ጊዜ የዋናው ቡድን መነሣት ከታዳጊው ድል ጋር አብሮ ነው የመጣው። እኛ አገር ደግሞ ስለ ብሔራዊ ቡድን የምናወራው ውድድር ሊደርስ ሲል ነው። ምን ትላላችሁ?

ጣርማበር

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ ቱኒዚያን ግን እንዴት ዘለልካት? በአፍሪካ ዋንጫ እስከ 2024 ባለው ቆጠራ ቱኒዚያ 10፣ ግብፅ 9፣ አልጄሪያ 7 ናቸው። የመጀመሪያውን ዋንጫ በ1974 የወሰደችው ቱኒዚያ ናት። በ2005 አገሯ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 4ኛ ሆናለች። አንተ «ለንደን አላለፉም» ባልከው ኦሊምፒክ ላይ ቱኒዚያ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች። አልጄሪያም ብትሆን ከ1981 እስከ 1989 አምስት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደች አገር ናት። ግብፅ ከእነዚህ ጋር እየተጋፋች ነው ያደገችው። ብቻዋን አይደለችም።

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ልክ ነህ። እንዲያውም ሐሳቤን የሚያጠናክር ነው። ጎረቤት ጠንካራ ሲሆን አንተም ትጠነክራለህ። በጥር 2020 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቱኒዚያ ላይ ራዴስ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግብፅ ባለሜዳዋን 27 ለ 23 አሸነፈች። የቶኪዮ ትኬት የተቆረጠውም በዚያ ጨዋታ ነው። ከዚያ ወዲህ የ2022ንም የ2024ንም ዋንጫ ካይሮ ላይ አስቀርተዋል። እኔ ያልኩት ዛሬ ላይ ማን ከአውሮፓ ጋር ይተናነቃል ነው።

መንዜው (መሐል ሜዳ)

እኔ በግልጽ ልናገር፣ ነገሩ የገንዘብ ነው። እነሱ አል አህሊና ዛማሌክ የሚባሉ ትልልቅ ክለቦች አሏቸው። ክለቦቹ ከእግር ኳሱ ጎን የእጅ ኳስ ቡድንና የራሳቸው አዳራሽ አላቸው። የዓለም ሻምፒዮናን በ1999ም በ2021ም አዘጋጅተዋል። የዓለም አቀፉ የእጅ ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ከ2000 ጀምሮ ግብፃዊው ሐሰን ሙስጠፋ ናቸው። እኛ ጋ መሐል ሜዳ ላይ የትምህርት ቤት ኳስ ሲቀደድ ተሰፍቶ ነው የሚያገለግለው። ይህን ከዚያ ጋር ማወዳደር ምን ይጠቅማል? ልጆቹን ተስፋ ሰጥቶ መተው እንዳይሆን እፈራለሁ።

የቆላዋ (ሸዋሮቢት)

ወንድሜ መንዜው፣ ስጋትህ ይገባኛል። እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ ስለምሠራ በየቀኑ የማየው ነው። ገንዘብ ብቻውን ግን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምናየው። ሦስት አገሮችን ልጥቀስልህ።

አንደኛዋ ኳታር ናት። በ2015 ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮናን አዘጋጅታ ፍጻሜ ደረሰች። በፈረንሳይ 25 ለ 22 ተሸንፋ ብር ወሰደች። ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነው። ግን ቡድኑ በአብዛኛው ከሌላ አገር መጥተው ዜግነት ባገኙ ተጫዋቾች የተገነባ ነበር። ያ ደረጃ አልቆየም።

ሁለተኛዋ ኬፕ ቨርድ። የሕዝቧ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለ ገንዘብ የሚወራላት አገር አይደለችም። በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ ከግብፅ ጋር ተጫወተች። በ2023ም በ2025ም በዓለም ሻምፒዮና ከምድቧ አልፋ ዋናው ዙር ገብታለች። ከእኛ ዞን ሕዝብ ስንት እጥፍ የሚያንስ አገር መሆኑን አስቡት።

ሦስተኛዋ ራሷ ግብፅ። ከ2003 እስከ 2017 ድረስ አዳራሾቹም ነበሩ፣ ክለቦቹም ነበሩ፣ ፕሬዚዳንቱም ነበሩ። ውጤቱ ግን አልነበረም። ስለዚህ ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ እሱ ብቻ ግን አያስነሣም። መምህር ያነሣው የታዳጊዎቹ ነገር ነው ልዩነቱን ያመጣው።

ስለ 2021 ሩብ ፍጻሜ ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። ከዴንማርክ ጋር፣ ካይሮ ላይ። በኮሮና ምክንያት አዳራሹ ውስጥ ተመልካች አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ያላት አገር ላይ የጫማ ሲጥታና የተጫዋቾች ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው። መደበኛው ሰዓት አልቆ እኩል ነበሩ። የመጀመሪያው ጭማሪ ሰዓት አልቆም እኩል። ሁለተኛውም አልቆ 35 ለ 35። ወደ መለያ ምት ገቡና ዴንማርክ አሸነፈች፤ ጠቅላላ ውጤቱ 39 ለ 38 ተብሎ ተመዘገበ። ዴንማርክ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ያንንም ዋንጫ፣ የ2023ንም፣ የ2025ንም ወስዳለች። እንደዚህ ያለ ቡድን በሁለት ጭማሪ ሰዓት ሊያሸንፋቸው አልቻለም። እኔ ያንን ጨዋታ ለሴት ተማሪዎቼ ሳይቀር በስልክ አሳይቻቸዋለሁ።

የእነዋሪ ልጅ

እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጥያቄ አለኝ። ስልክ ላይ ሳይ ግብፆች ሲያጠቁ አንዳንዴ በረኛቸውን ያስወጡታል። ግቡ ባዶ ይሆናል። ይሄ አደጋ አይደለም እንዴ? ለምንድን ነው የሚያደርጉት?

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ጎበዝ፣ ጥሩ ነገር ነው ያየኸው። አንድ ቡድን በሜዳ ላይ 7 ሰው ነው ያለው፤ 6 ተጫዋችና 1 በረኛ። በረኛውን አስወጥተህ ተጫዋች ብታስገባ 7 ለ 6 ታጠቃለህ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ነፃ ይሆናል ማለት ነው። ድሮም ይፈቀድ ነበር፣ ግን የገባው ተጫዋች የበረኛ ቀለም ያለው ነገር መልበስ ነበረበት። ከ2016 ጀምሮ ያ ቀረ፣ ስለዚህ አሠራሩ በዛ። አንድ ተጫዋችህ በ2 ደቂቃ ቅጣት ሲወጣም በዚሁ መንገድ ቁጥሩን እኩል ታደርጋለህ።

አደጋው ግን ያልከው ነው። ኳስ ከጠፋብህ ባላጋራ ከራሱ በር ላይ ሆኖ ባዶ ግብህ ውስጥ ይወረውራል። ስለዚህ ኳስ የማያበላሹ፣ ትዕግሥት ያላቸው ተጫዋቾች ይፈልጋል። ትዕግሥቱም ገደብ አለው። ዳኛው ሰዓት ማባከን ነው ብሎ እጁን ካነሣ በኋላ ከ4 ቅብብል በላይ አይፈቀድልህም። በ4 ቅብብል ውስጥ ነፃውን ሰው ማግኘት አለብህ።

የድሮ ተጫዋች (ደብረ ብርሃን)

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ይህ ወሬ እዚህ ከተማ ላይ ሲነሣ ደስ ብሎኛል። እኔ በወጣትነቴ ትምህርት ቤት እጅ ኳስ ተጫውቻለሁ። ስለ ሜዳ ትንሽ ልበላችሁ፣ ምክንያቱም ሜዳው ራሱ ተጫዋቹን ያስተምራል።

እኛ የተጫወትነው ሲሚንቶ ላይ ነው። ክንፍ ላይ ያለ ተጫዋች ሥራው ምንድን ነው? ከማዕዘን ተነሥቶ ከግቡ ፊት ያለውን የ6 ሜትር መስመር ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘላል። አየር ላይ እስካለ ድረስ ክልሉ ውስጥ እንደገባ አይቆጠርበትም። በዘለለ መጠን ማዕዘኑ ይሰፋለታል፣ ከዚያ ይወረውራል፣ ከዚያ በደረቱና በእጁ ተንሸራቶ ያርፋል። አሁን ይህን ሲሚንቶ ላይ አድርጉት። ጉልበት ይላጣል፣ ክርን ይላጣል። ልጁ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሳይታወቀው ዝላዩን ያሳጥራል። ዝላዩ ሲያጥር ማዕዘኑ ይጠባል፣ በረኛው ይይዝበታል። አሠልጣኙ «ለምን አልዘለልክም» ይለዋል። ልጁ ፈሪ ሆኖ አይደለም። መሬቱ ነው ያስተማረው።

ግብፆቹ ልጆቻቸውን ከትንሽነታቸው ለስላሳ ወለል ላይ ነው የሚያሳድጉት። አዳራሽ ባይኖረን ለታዳጊዎች የተጠቀጠቀ አፈር ይሻላል። ሣር አይሆንም፤ ኳሱ አይነጥርም። የደብረ ብርሃን ብርድም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ኳሱ ድንጋይ ይሆናል፣ ጣት ይሰብራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ረጅሙን ቅብብል ይወስደዋል። ረፋድ ላይ ነው ጥሩው።

ሌላ ነገር። የግብፅን ቡድን ስታዩ በቀኝ በኩል ማን እንደሚጫወት ልብ በሉ። ለብዙ ዓመት አህመድ ኤል አህመር ነበር። ከእሱ በኋላ ያሕያ ዖመር መጣ። ሁለቱም ግራኝ ናቸው። በእጅ ኳስ በሜዳው ቀኝ በኩል ያለ ተጫዋች ግራኝ ሲሆን ግቡ ወለል ብሎ ይታየዋል። በቀኝ እጁ የሚወረውር ግን ክንዱ ወደ ውጭ ይሆንና ማዕዘኑን ያጣል። ለዚህ ነው ግራኝ ተጫዋች በየክለቡ እንደ ዓይን ብሌን የሚታየው። እኛ ቤት ደግሞ ግራኝ ልጅ ሲገኝ «በቀኝህ ብላ፣ በቀኝህ ጻፍ» እየተባለ ያድጋል። የስፖርት መምህራን፣ እባካችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ግራኞቹን ፈልጉ። ከነሱ ጀምሩ።

የቆላዋ (ሸዋሮቢት)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የግራኙን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ነገ ክፍል ገብቼ የማደርገው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ሸዋሮቢት ላይ ብርድ የለብንም፣ የእኛ ችግር ሙቀቱ ነው። ከእኩለ ቀን በኋላ ሲሚንቶው እጅ ያቃጥላል። እኛም በጠዋት ነው የምንሠራው።

ጣርማበር

ስለ አሠልጣኝ ማንም አላነሣም። ግብፅን ቶኪዮ ላይ 4ኛ ያደረገው ስፔናዊው ሮቤርቶ ጋርሲያ ፓሮንዶ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሁዋን ካርሎስ ፓስተርም ስፔናዊ ነው። ፓስተር በ2005 ስፔንን የዓለም ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲቀየር አስተሳሰቡ አልተቀየረም። እኛ ጋ አሠልጣኝ ሲነሣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው፣ አዲሱ የበፊቱን ሥራ ሁሉ ያፈርሰዋል።

እና የሚያሳዝነው፣ የግብፅ ግድግዳ እስካሁን እዚያው ላይ ነው። ቶኪዮ ላይ ጀርመንን 31 ለ 26 አሸንፈው በአፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ገቡ። ፈረንሳይ 27 ለ 23 ጣለቻቸው። ለነሐስ ስፔን 33 ለ 31። ፓሪስ 2024 ላይ በምድቡ ከፈረንሳይ ጋር 26 ለ 26 ወጡ፣ በሩብ ፍጻሜ ግን ስፔን በጭማሪ ሰዓት 29 ለ 28 አሸነፈቻቸው። ቀጥሎ የዛግሬቡ 34 ለ 33። የካይሮውን 39 ለ 38 ጨምሩበት፦ አንድ ኳስ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ኳስ! በዋናው ቡድን ደረጃ አንድም የዓለም ወይም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የላቸውም። ይገባቸዋል እላለሁ።

መንዜው (መሐል ሜዳ)

እሺ፣ የኬፕ ቨርዷ ነገር አሳምኖኛል። ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ። የእኛ ብሔራዊ ቡድን በዓለም ሻምፒዮናም በኦሊምፒክም ቀርቦ አያውቅም። የአገር ውስጥ ሊጉ ላይ ያሉት እነ መቻልና ፌዴራል ማረሚያ ናቸው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ የወጣ ልጅ እዚያ ለመድረስ መንገዱ የት ነው?

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

መንገዱ ገና አልተጠረገም፣ እውነቱ እሱ ነው። ግን ከምባታ ዱራሜን ተመልከት። ከአዲስ አበባ ርቆ ያለ ከተማ ነው፣ ስሙ በሊጉ ውስጥ ይጠራል። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፋብሪካው በየቦታው እየበዛ ነው። ክለብ ለመያዝ ከእግር ኳስ ያነሰ ወጪ ነው የሚጠይቀው። ቡድን ይዞ የሚጓዝ ሰው ቁጥሩም ያንሳል።

እስከዚያ ግን እኛ መምህራን ማድረግ የምንችለው አለ። ትልቁ ስሕተት ለ10 ዓመት ልጅ የአዋቂ ኳስ መስጠት ነው። የአዋቂ ወንዶች ኳስ ቁጥር 3 ነው፣ ዙሪያው ከ58 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር። የልጅ መዳፍ አይጨብጠውም፤ ስለዚህ ልጁ በሁለት እጁ መግፋት ይለምዳል፣ ልምዱም አይለቀውም። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላለ ወንድ ልጅ ቁጥር 1 ነው፣ ከ50 እስከ 52 ሳንቲ ሜትር። ከ12 እስከ 16 ቁጥር 2። ቁጥር 1 ካልተገኘ በጨርቅ የተሞላ ኳስ ሰፍታችሁ ስጡ፤ አይነጥርም እንጂ ለውርወራ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ዋናው አንድ እጅ ላይ መጨበጥና ከትከሻ በላይ መወርወር ነው።

ሜዳውም ሙሉው 40 በ20 መሆን የለበትም። ለትንንሾቹ ግማሹ ይበቃል፣ ብዙ ልጅ ኳስ ይነካል።

የእነዋሪ ልጅ

መምህር፣ እኔ ግራኝ ነኝ!

የድሮ ተጫዋች (ደብረ ብርሃን)

እንግዲያው ቀኝ ክንፍ ላይ ቁም ልጄ። ማንም እጅህን ቀይር ቢልህ እንዳትሰማው።

መንዜው (መሐል ሜዳ)

ወንድሜ ግብ እንዴት እንደሚሠራ ንገሩኝ። እኛ ጋ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ አናጢም አለ። ብረት ማሠራት ነው የማንችለው። ሚስማሩ እንዳይወጣና ልጅ እንዳይጎዳም እፈልጋለሁ።

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ባሕር ዛፍ ይሆናል፣ ግን የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ከወር በኋላ ይጣመማል። የውስጡ ስፋት 3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር። ቋሚውና አግዳሚው አራት ማዕዘን ሆኖ እያንዳንዱ ጎን 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠርዙን በመላጊያ አለስልሱት። ከሚስማር ይልቅ በቡሎን እሰሩት፣ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ቅበሩት። ከምንም በላይ ደግሞ ከኋላ መሬት ላይ በደንብ ይታሰር፤ ልጆች አግዳሚው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ያልታሰረ ግብ ወድቆ ሰው ይገድላል። ከግቡ 7 ሜትር ላይ የቅጣት ምት መስመር፣ በ6 ሜትር ክልሉን በኖራ አስምሩ። ለክልሉ ገመድ ተጠቀሙ፤ አንዱን ጫፍ የቋሚው ሥር ይዛችሁ ዙሩት፣ ለሌላውም ቋሚ እንዲሁ፣ መሀሉን በቀጥታ መስመር አገናኙት።

ቀለሙ ሁለት ዓይነት ይሁን፣ ለምሳሌ ቀይና ነጭ። 20 ሳንቲ ሜትር፣ 20 ሳንቲ ሜትር እያላችሁ ቀቡት። ቋሚውና አግዳሚው የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ብቻ 28 ይሁን፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቀለም።